የውጭ ተማሪ ወደ ድሬ እንዲመጣና እንዲቆይ ከየት ይጀመራል?

ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ፣ ፈረንሳዩ እየመጣ ከዚራና መጋላ በሚባሉት ሰፈሮች ሱቅ ከፍቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ አርጅቶም እዚሁ ተቀብሯል። እንግዳ መቀበል ለድሬ ብርቅ አይደለም። ለየት የሚለው እንግዳው ነጋዴ ሳይሆን ገና የ19 ዓመት ተማሪ ሲሆን ነው። ነጋዴ ራሱን ያውቃል። ተማሪ ግን ቤት የሚያፈላልግለት፣ ወረቀት የሚያስጨርስለት፣ ሲያመው ሐኪም ቤት የሚወስደው ሰው ይሻል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። በከተማው አስተዳደር ለምትሠሩ፣ በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ወይም በውጭ ግንኙነት ቢሮ ለተቀመጣችሁ፣ የግል ኮሌጅ ለምታስተዳድሩ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለምታከራዩም ጭምር። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ማስታወቂያ መጨረሻ ይምጣ። ብዙ ከተማ የሚጀምረው በቪዲዮና በብሮሹር ነው። ተማሪው ይመጣል፣ የመጀመሪያው ወር ያንገላታዋል፣ ማታ ዶርሙ ውስጥ ተጋድሞ ለታናሽ ወንድሙ በዋትስአፕ ድምፅ ይልካል። ብሮሹሩ ስንት ገንዘብ ቢፈስበትም ያንን ድምፅ አይረታም።

ደረጃ 1፦ ማን ሊመጣ እንደሚችል ለዩ

በዓለም ላይ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ተማሪ ከአገሩ ውጭ ይማራል። ብዙው ወደ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳና ጀርመን ነው የሚሄደው። እኛ ከለንደን ጋር አንሻማም። የእኛ ተማሪ ጎረቤታችን ነው።

ቀድማ የምትታሰበኝ ጅቡቲ ናት። በባቡር መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው። መጋላ ውስጥ የሚነገረው ሶማሊኛ የጅቡቲ ልጅ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ ምናልባትም አክስቱ እዚህ ትኖራለች። ከዚያ የሶማሌላንዷ ሀርጌሳ አለች። መንገዱ በድንበር ከተማዋ በዋጃሌ፣ በጅግጅጋና በሐረር አድርጎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሀርጌሳ ላይ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ከዚያ ለሚመጣ ልጅ ክላሱ አይከብደውም። የደቡብ ሱዳን ተማሪ በመንግሥታት ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመጣ ቆይቷል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላም ካርቱም ላይ ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት ብዙ ነው።

አምስተኛውን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፤ እዚሁ ያለው ስደተኛ ነው። በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር መጠለያዎች ኖረው 12ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች አሉ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የትምህርትና የሥራ በር ከፍቷል። በጀርመን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል የሚሰጠው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕም ክፍያቸውን ይሸፍናል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2030 ከዓለም ስደተኞች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙ ይፈልጋል። ቪዛ አይጠይቁም፣ አውሮፕላን አይጠይቁም፣ አማርኛ የሚሰሙም አሉ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው የሚባለው ለዚህ ነው።

ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚመጡት ደግሞ ሌላ ናቸው። ከደንገጎ ዳገት በላይ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1946 ዓ.ም ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የግብርና ትምህርት ቤት ሆኖ የተመሠረተ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ የአየር ንብረትን ያገናዘበ ግብርናና የብዝኃ ሕይወት የአፍሪካ ልህቀት ማዕከል ተከፍቶበታል። የፕሮጀክቱ ገንዘብ በከፊል ይለቀቅ የነበረው ማዕከሉ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ስንት ተማሪ እንደተቀበለ ታይቶ ነው። እነዚህ ጎልማሶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ባለትዳር። ቅዳሜ ሲመጣ ከሐረማያ ብርድ ወደ ድሬ ሙቀት ይወርዳሉ። ተማሪነታቸው እዚያ ቢሆንም ብራቸውን የሚያወጡት እዚህ ነው። ስለዚህ ድሬ፣ ሐረርና ሐረማያ በዚህ ጉዳይ እንደ አንድ ሰፈር ቢያስቡ ያዋጣል። ሐረር ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንብ የታጠረው አሮጌ ከተማ ጁገልም አለ። ድሬ ላይ ኤርፖርቱ፣ ባቡሩ፣ በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ማንም ሁሉንም የለውም።

በነገራችን ላይ ለኢትዮጵያ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አውጀው ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጥተው ነበር። ልጆቹ ደብተር ብቻ አይደለም ይዘው የመጡት። ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ነፃነት አፋቸውን ሞልተው ይከራከሩ ስለነበር የኛን ተማሪ ፖለቲካ አነቃቁት ይባላል። የውጭ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲገባ ውይይቱ ይቀየራል። እኔ ከዶላሩ ይልቅ ለዚህ ነው የምጓጓው።

ደረጃ 2፦ የወረቀቱን መንገድ አንድ ገጽ ላይ ጻፉት

አንድ የጅቡቲ ልጅ ባካሎሬያውን (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ማስረጃውን) ይዞ ሲመጣ የሚያልፍባቸውን በሮች ቁጠሩ። የትምህርት ማስረጃው ከኢትዮጵያው ጋር አቻ መሆኑን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጣል። ዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ ይጽፋል። ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የተማሪ ቪዛ፣ ከገባ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ይወጣል። ከዚያ ሲም ካርድ፣ የባንክ ሂሳብ፣ የቤት ኪራይ ውል። አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። ባንኩ መታወቂያ ይላል፣ መታወቂያው አድራሻ ይላል፣ አከራይዋ ደግሞ መጀመሪያ ብሩን አሳየኝ ትላለች።

ይህን ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች በአንድ ገጽ ጻፉት። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ። እያንዳንዱ መስመር ላይ ምን ሰነድ፣ ስንት ኮፒ፣ ስንት ፎቶ፣ ክፍያው በብር ነው ወይስ በዶላር፣ የትኛው ቢሮ፣ የሚለውን አስገቡ። የትኛው ጉዳይ እዚሁ እንደሚያልቅ፣ የትኛው አዲስ አበባ እንደሚያስኬድ ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ጠይቁና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ። በቃል የተነገረን አትጻፉ። በየሴሚስተሩም ከልሱት፤ መመሪያ ይቀየራል።

ቀጥሎ አንድ ሰው መድቡ። ኮሚቴ አይደለም ያልኩት። አንድ ስም፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ወንበር ያለው ሰው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥም ሆነ መዘጋጃ ቤት ይቀመጥ። ተማሪው «ነገ ተመለስ» ሲባል የሚደውለው ለዚህ ሰው ነው፤ እሱም ለቢሮው ይደውላል። ግማሹ ችግር በአንድ ስልክ ያልቃል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ጣጣ አለች፤ ቀን። «30/01/2018» ተብሎ የተጻፈ ውል ለእኛ መስከረም 30 ነው። ከውጭ የመጣው ልጅ የሚያነበው ከዓመታት በፊት ያለፈ ጃንዋሪ ነው። ለውጭ ተማሪ የሚሰጥ ማንኛውም ወረቀት ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ፤ የወሩም ስም በፊደል ይጻፍ። ወጪ የለውም። የፈቃድ ጊዜ ሳያውቁ ማሳለፍን ግን ያስቀራል፤ ጊዜ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ቅጣት አለበት።

የባንክን ነገር «ፋይዳ» የተባለው ዲጂታል መታወቂያ አቅልሎታል። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዲጂታል መታወቂያን የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቹን ሰብስባችሁ አብራችሁ ወደ ምዝገባ ጣቢያ ውሰዷቸው። ለየብቻ ከሄዱ አንዱ ይመዘገባል፣ ሌላው ሰልፍ አይቶ ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ ቤት፣ ቤት፣ ቤት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ተማሪ የሚሄደው በክላስ ምክንያት አይደለም፤ በቤት ምክንያት ነው።

ዶርም ካለ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ስጡ። የአንድ አገር ልጆችን ግን አንድ ኮሪደር ላይ አታከማቹ። የፓሪስ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች መንደር እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ አለ። ብዙ አገሮች የራሳቸውን ቤት ሠርተውበታል፤ ቤቶቹ ግን የራሳቸውን ዜጋ ብቻ አያሳድሩም፣ ከፊሉን ክፍል ለሌላ አገር ልጅ ይለዋወጣሉ። እኛም ሁለት የጅቡቲ፣ ሁለት የድሬ፣ አንድ የጎንደር፣ አንድ የወላይታ ልጅ በአንድ ዶርም ብናደርግ ኮርሱ ሳይጀመር ቋንቋው ይጀመራል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋሉ። እዚህ ደላላው ይገባል። ደላላ ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ያለ ደላላ ቤት የሚገኝባት ሰፈር ካለች ንገሩኝ። ግን ለውጭ ዜጋ የሚጠራው ዋጋና ለአገሬው የሚጠራው ዋጋ ይለያያል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መፍትሔው ደላላውን ማሳደድ ሳይሆን የታመኑ ቤቶች ዝርዝር መያዝ ነው። ሳቢያን፣ ከዚራ፣ መጋላ ውስጥ ሰርቪስ ወይም ኮንዶሚኒየም የሚያከራዩ ሰዎችን በቀበሌ በኩል መዝግቡ። ሄዳችሁ እዩት። የምታዩትም ይህ ነው፦

የውሃ ሁኔታ። በፈረቃ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን ነው? ሮቶ ወይም በርሜል አለ? ክዳኑስ ይገጥማል? (ለምን ክዳን እንደምል ደረጃ 5 ላይ ትደርሱበታላችሁ።)

መብራት። የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከአከራዩ ጋር ነው የሚካፈለው? የሚካፈል ከሆነ ሂሳቡ እንዴት ነው የሚቆረጠው? በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር የሌለበት ክፍል ግንቦት ላይ አያስተኛም። አከራይዋ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞረውን ቬንትሌተር ሰምታ ስለ ቢሉ ትጨነቃለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከመጀመሪያው ካልተነጋገሩበት በሦስተኛው ወር ይጣላሉ።

በር። የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ላይብረሪ አምሽቶ የመጣ ልጅ ማን ይከፍትለታል?

እንግዳ። ጓደኛ ማምጣት ይቻላል? ማሳደርስ? ወንድና ሴት የተባለውን ጥያቄ አታፍሩበት፤ አከራይዋ በኋላ ማፈሯ አይቀርምና አሁኑኑ ትናገር።

አሁን ሕጉን እንየው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የውጭ ተማሪው ይህን አያውቅም። ስድስት ወር በአንድ ጊዜ አምጣ ሲባል ቤተሰቡ ጋ ይደውላል፤ ቤተሰቡም ይበደራል። የአዋጁን ሦስት ነጥቦች በቋንቋው ጽፋችሁ በእጁ ስጡት። አከራይዋም ትጠቀማለች፤ የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ ሌሊት ተነስቶ አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰዓት አለ። እንዲህ ይሆናል። ልጅቷ ሳቢያን ላይ አንድ ክፍል አየች፣ ወደደችው። እማማ «እሺ ልጄ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ነይና እንዋዋል» አሏት። ልጅቷም በማግስቱ በራሷ ሰዓት ሁለት ላይ፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ቀትር ፀሐይ ብሯን በቦርሳ ይዛ ደረሰች። እማማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡና አፍልተው ጠብቀው ነበር። ስትቀር ለሌላ ሰጡት። ልጅቷ ዋሹኝ አለች፣ እማማ ናቀችኝ አሉ። ማንም አልዋሸም። ስለዚህ የመቀበያ ቀን ላይ ማንኛውንም ንግግር ከማድረጋችሁ በፊት ሰዓትና ዓመት አቆጣጠር አስተምሩ። አከራዮቹንም «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለው እንዲጠይቁ ንገሯቸው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ሞንትሪያል ኤርፖርት ላይ ተማሪ በሚገባበት ወቅት የውጭ ተማሪዎችን የሚቀበል ዴስክ ይቋቋማል። ሜልቦርንም እንደዚያው። እኛ ዴስክ አያስፈልገንም፤ ቲሸርት የለበሱ ሁለት ሲኒየር ተማሪዎችና አንድ ሚኒባስ ይበቁናል።

አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ እንደ ድሮው ለገሃር መሀል ከተማ አያወርድም። ሻንጣ የያዘ፣ ብር ያልመነዘረ፣ ሲም የሌለው ልጅ እዚያ ወርዶ ባጃጅ ሲከራከር ማየት ደስ አይልም። ባቡሩ የሚመጣበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ተማሪዎቹ ትኬት ሳይቆርጡ በፊት የትኛው ቀን ሰው እንደሚጠብቃቸው ንገሯቸው። የመግቢያ ቀኑን እናንተ ከወሰናችሁት አንድ ሚኒባስ ይበቃል። እነሱ ከወሰኑት በየቀኑ መመላለስ ነው።

ሲም ካርድ በመጀመሪያው ቀን። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬ ላይ ነው፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም። የኬንያ ተማሪ ኤም ፔሳን ሲያይ ፊቱ ይፈታል፤ ከቴሌብርም ጋር አስተዋውቁት። ባጃጅ ከሰፈር ሰፈር ስንት እንደሆነ ደግሞ ከአገሬው ተማሪ ይስማ። ዋጋውን ያወቀ እንግዳ አይጨቃጨቅም፣ «አቦ፣ አውቃለሁ» ብሎ ከፍሎ ይወርዳል።

የመገናኛ ግሩፕ ስትከፍቱ አንድ ነገር አትርሱ። እኛ ቴሌግራም ነን፤ ጅቡቲና ሀርጌሳ ዋትስአፕ ነው። ሬጅስትራሩ ቴሌግራም ላይ የለጠፈውን የፈተና ለውጥ የጅቡቲው ልጅ ካላየው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በሁለቱም ይለጠፍ።

ደረጃ 5፦ ትንኝ፣ ሙቀትና ሐኪም

ከደጋ ወይም ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ የድሬን በሽታ አያውቅም። ዴንጊ በ2006 ዓ.ም ከተማዋን መታ። በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ ስንቱን አልጋ ላይ ጣለ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ በደረቅ ወቅት ወባ ተነሳ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ታመሙ። ተመራማሪዎች ያን ወረርሽኝ ያያያዙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባል፣ ከእስያ ከመጣች ትንኝ ጋር ነው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። ከተማ ትወዳለች፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ውሃ ያጠራቅማል። የበርሜሉ ክዳን ነገር ይህ ነው። ክዳን የሌለው በርሜል ያለበትን ቤት ከዝርዝራችሁ አውጡ፤ ወይም ክዳን ግዙላቸው፣ ርካሽ ነው።

በመቀበያ ቀን አጎበር ስጡ። ትኩሳት ከያዘው «ድካም ነው» ብሎ እንዳይተኛ ንገሩት። ድል ጮራ ሆስፒታል የት እንደሆነ በእግሩ ሄዶ ይየው። ማን እንደሚከፍል፣ ኢንሹራንሱ ምን እንደሚሸፍን ሳይታመም በፊት ይጻፍ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ስለሆነ አሸዋው ላይ መዝናናት የሚመስለው ልጅ ካለ የሐምሌ 1998 ዓ.ም ጎርፍ ይነገረው፤ ያኔ ውሃው ሌሊት ድንገት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ ድሬ ላይ ባይጥልም ተራራው ላይ ከጣለ ይበቃዋል።

ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጉዳይ ለመጨረስ የሚወጣ አዲስ ተማሪ የተዘጋ በር ብቻ ነው የሚያገኘው። ጠዋት ማለዳ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ በሉት።

ደረጃ 6፦ ቋንቋ

ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የጅቡቲ ልጅ የተማረው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ሒሳብ ጎበዝ ሆኖ ጥያቄው ሳይገባው የሚወድቅ ተማሪ አለ። ከመግቢያው ወር በፊት የተጠናከረ የእንግሊዝኛ ኮርስ ስጡ፤ በየመስኩ ቃላት ላይ ያተኮረ ይሁን። ሰዋስው ብቻ ከሆነ ልጁን አይጠቅመውም። የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከሉ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ድሬ ላይ አለ። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ የምድር ባቡር ጡረተኞችም አሁንም አሉ፤ አንድ የጅቡቲ ተማሪ ጋሼ ከሚላቸው ሰው ጋር በፈረንሳይኛ ሻይ ቢጠጣ ለሁለቱም መድኃኒት ነው።

ለመንገድ የሚሆን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ግን ክላስ ውስጥ አይለመድም። ቀፊራ ገበያ ላይ ይለመዳል። የመጀመሪያ ቅዳሜ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ዝርዝር ሰጥታችሁ ላኳቸው፦ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ሳሙና። ተከራክረው ይግዙ። ሲመለሱ ፈጢራና ፉል ይብሉ።

ደረጃ 7፦ አብሮ መኖር

እዚህ ብዙ ምክር የለኝም፤ ድሬ ራሷ ታውቅበታለች። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ የረመዳን ካፌ። ለጿሚ ማታና ሌሊት ምግብ የሚቀርብበት ሰዓት ቀድሞ ይለጠፍ፤ በዐቢይ ጾምም እንዲሁ። ከሌላ አገር የመጣ ክርስቲያን ሁለት ወር ገደማ ሥጋና ወተት የማይበላው ጓደኛው ግራ ያጋባዋል፤ አስቀድሞ ይነገረው።

ሁለተኛ፣ ጫት። አወዳይ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ያልተጠራ ተማሪ የለም። መደበቅ አያስፈልግም። እዚህ አገር ሕጋዊ እንደሆነ፣ በብዙ አገር ግን የተከለከለ እንደሆነ፣ በሻንጣ ይዞ መሄድ እስር ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ ይነገር። የበርጫ ጓደኛ ካገኘ በኋላ የምሽት ክላስ የሚቀር ተማሪ ካለ አማካሪው ቶሎ ይጠይቀው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

እ.ኤ.አ. በ2009 ሜልቦርን ውስጥ የህንድ ተማሪዎች ተደብድበው ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ወሬው ህንድን አዳረሰ፤ ከተማዋ ለዓመታት ያሰማመረችው ስም ጎደፈ። ዛሬ ሜልቦርን መሀል ከተማ ላይ ለውጭ ተማሪዎች ነፃ ምክር፣ የሕግ ጭምር፣ የሚሰጥ ማዕከል አላት። ከእሷ የምንወስደው ግልጽ ነው፤ ችግር ከመፈጠሩ በፊት የሚደወልለት ቁጥር ይኑር።

መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሰፈር ውስጥ ግርግር ሲነሳ ተማሪው የሚሰማው ከፌስቡክ ወሬ ነው። ቤተሰቡም እዚያ ሆኖ ይደነግጣል። የመደባችሁት ያ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አጭር መልእክት ይላክ፦ ምን ሆነ፣ የት መሄድ የለባችሁም፣ ቀጣዩ መልእክት መቼ ይመጣል። ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም በተባለው ሰዓት «እስካሁን አዲስ ነገር የለም» ተብሎ ይላክ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ በመደበኛ ስልክ መልእክት። የወላጆች ቁጥር ቀድሞ መያዝ አለበት።

ለፖሊስ ጣቢያዎችም የመኖሪያ ፈቃዱን ናሙና አሳዩ። ወረቀቱን አይቶ የማያውቅ ፖሊስ ሌሊት ላይ ልጁን ይዞ ቢያጉላላው በክፋት አይደለም፣ ባለማወቅ ነው።

ደረጃ 9፦ ሥራና ኢንተርንሺፕ

የተማሪ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሩ፣ ማንም በካሽ ሥራ አታልሎ እንዳይወስዳቸው። ኢንተርንሺፕ ግን የትምህርቱ አካል ነው። ድሬ ለዚህ ጥሩ ካርድ አላት፦ ነፃ የንግድ ቀጠናው፣ የባቡር መስመሩ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው። ሎጂስቲክስ የሚማር የጅቡቲ ልጅ ኮንቴይነሩ ከአገሩ ወደብ ተነስቶ እዚህ ሲራገፍ ያያል። ከሁለቱም ጫፍ ያለውን ቋንቋና ሰው የሚያውቅ ወጣት ማንኛውም ትራንዚት ድርጅት ይፈልገዋል። ኮሌጆች ይህን ካርድ ገና አልተጫወቱትም፤ ለኔ ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው።

ደረጃ 10፦ አሁን ጥሯቸው

እስከ ደረጃ 9 ያለው ካልተሠራ እዚህ አትድረሱ። ከተሠራ ግን ጥሪው ቀላል ነው። ባለፈው ዓመት የመጡትን ልጆች በእረፍት ጊዜያቸው ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ላኩ፤ ትኬታቸውን ቻሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና ለጅቡቲ ተማሪ ስለ ድሬ የሚያወራው የጅቡቲ ልጅ ይሁን። ክፉውንም ይናገር፤ ሙቀቱን፣ የውሃውን ፈረቃ። አትቆጣጠሩት።

ዋጋውን በግልጽ ለጥፉ። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ ምግብ፣ ፈቃድ፣ ሁሉንም ደምራችሁ የዓመቱን በዶላር ጻፉ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ቁጥሩን ያወጣችሁበትን ቀንም አስቀምጡ። ወላጅ የሚፈራው ውድነትን ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረው ወጪ ነው የሚያስደነግጠው።

ጊዜውን ከመስከረም ወደ ኋላ ቁጠሩ። አቻ የማስረጃ ግምገማው ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ማመልከቻ ጥር ላይ ይከፈት። መጋቢትና ሚያዝያ መልስ ይሰጥ። ግንቦትና ሰኔ ቪዛ፤ ሐምሌና ነሐሴ የእንግሊዝኛ ኮርሱ። የቤት ዝርዝሩም በሐምሌ ይታደስ፣ ከአዲሱ ዓመት በፊት ኪራይ ይንቀሳቀሳልና።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ ሰው አትጥሩ። አንድ ሚኒባስ የሚሞላ ይበቃል። ሰኔ ሲደርስ ክሊራንስ ለመጨረስ ሬጅስትራር በር ላይ ከሚሰለፉት መካከል ዓመቱን ሳይጨርስ የሚሄድ ካለ፣ ያ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥና ሦስት ነገር ይጠይቀው። የመጀመሪያ ወር ላይ ያስለቀሰህ ምን ነበር? ለማን ደወልክ? ታናሽህን ትልካለህ? መልሱ በወረቀት ይመዝገብ፣ ስሙ ይቅር፤ ወረቀቱም ሐምሌ ላይ ቤት ለማየት ለሚወጡት ሰዎች ይሰጣቸው።